የዓሣ መደዳ

ቲቸር ሲፕሮዛን የማያውቅ ሰው በእኛ የሐይቅ ዳር መንደር የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አራተኛ ክፍልን እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ዛሬ ጀልባ የሚቀዝፈውም፣ ኪሱሙ ከተማ ገብቶ ከረባት የሚያስረውም በእሷ ቁንጥጫ ያለፈ ነው። ቁጡ ናት፤ ግን አንድም ቀን ከክፍሏ ቀርታ አታውቅም።

በሐይቁ በኩል ባለው መስኮት ሥር አንድ መደዳ ዴስክ አለ። በመጀመሪያው ተርም ማንበብ ያቃተው ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደዚያ ይዛወራል። «የዓሣ መደዳ» ብላ ስም ያወጣችለት ራሷ ሲፕሮዛ ናት። «እናንተ እንኳ አታስቡ፤ ሐይቁ ይጠብቃችኋል!» ትላቸዋለች፤ ዓሣ አጥማጅነት አይቀርላችሁም ማለቷ ነው፤ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ክፋት አስባ አይደለም፣ እልህ ይያዛቸው ብላ ነው። እልህ ይዞት የተነሳም አለ። ኦጎላ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ከረመ። በቀጣዩ ዓመት ትምህርት ቤት አልተመለሰም፤ ኦሜና የምትባለውን ደቃቅ ዓሣ በሚያጠምዱ ሰዎች ጀልባ ላይ ወጣ።

ባለፈው እሑድ ንፋስ ጀልባዋን ገለበጣት። ኦጎላ በሦስተኛው ቀን ከእንቦጩ መሃል ተገኘ። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እንዲያው ምን ይባላል!

በእኛ አገር ደግሞ ሰው ያለ እንግሊዝኛ አይቀበርም። የሟቹ ታሪክ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በሬሳው ፊት ካልተነበበ፣ ቤተሰቡ እንደ ውሻ ጣለው ተብሎ ይታማል። ከለቀስተኛው ገሚሱ አንድ ቃል አይገባውም፤ ቢሆንም ረዥም ረዥሙ ቃል ሲንቆረቆር መስማት ደስ ይለዋል። የመንደሩን ሟቾች ታሪክ የምትጽፈው ሲፕሮዛ ናት፤ በዚህ ደግሞ ትኮራለች።

ረቡዕ ጠዋት የኦጎላ እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጣች።

«የልጄን ታሪክ ጻፊልኝ፣ ቲቸር። የምታነበው አኬዮ ናት።»

ሲፕሮዛ ክው አለች። አኬዮ የኦጎላ ታናሽ እህት ናት፤ የዘንድሮ ተማሪዋ። እሷም የዓሣ መደዳ ላይ ተቀምጣለች።

«አጎቷ ያንብበው እንጂ! ካልሆነም እኔ ላንብብልሽ። ልጅቷ እኮ ገና ናት።»

«ወንድሟ አልቻለም ተባልኩ። አሁን ደግሞ እሷም አልቻለችም ልትይኝ ነው?» ሴትዮዋ ወገቧ ላይ ያሸረጠችውን ጨርቅ አጠበቀች። «ከእኔ ቤት ሰው ፊት ቆሞ ያነበበ የለም። ቢሳቅም የሚሳቀው በእኔ ነው። ቀብሩ ቅዳሜ ነው፤ አስጠኚያት።»

ሲፕሮዛ እንደ ልማዷ አሳምራ ጻፈች፤ አንዱ ቃል ብቻውን ግማሽ መስመር ይወስዳል። ሐሙስ ከሰዓት ልጆቹ ሲበተኑ አኬዮን አስቀርታ ወረቀቱን ሰጠቻት። ልጅቷ ሁለተኛው ቃል ላይ ጣቷን ተክላ ቀረች።

«ወይ አንቺ ልጅ! ልክ እንደ ወንድምሽ…» አለችና ሲፕሮዛ አፏን በእጇ ያዘች።

አኬዮ ግን ቀና ብላ አየቻት። «ኦጎላ እኮ ማንበብ ይችል ነበር፣ ቲቸር።»

«ማን አስተምሮት?»

«እኔ ነኛ። እርስዎ የሚያስተምሩንን፣ መረብ ሲጠግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ አጫጭሩን ቃል ከእሱ ጋር ቀስ ብዬ አነብ ነበር። ቀስ ካሉለት ይገባዋል። መጽሐፌን ጨርሶታል።»

ሲፕሮዛ ያንን ልጅ አንድም ቀን ቀስ ብላለት አታውቅም፤ አርባ ስምንት ልጅ ይዛ መች ጊዜ ነበራት? ይህን ምክንያት ለራሷ ነገረች፤ አላጽናናትም። ወረቀቱን ቀደደችና እዚያው ዴስክ ላይ ተቀምጣ እንደ አዲስ ጻፈች፤ አጫጭር ቃል፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገር። ሁለት ቀን አብረው አነበቡት። አርብ ማታ አኬዮ አንዷ መስመር ላይ ቆመች።

«ይቺንም ሰው ፊት ላንብባት?»

«እሷን ነው ከሁሉ አጥርተሽ የምታነቢያት።»

ቅዳሜ ሕዝቡ ድንኳኑን ሞልቶ ውጭ ድረስ ቆመ። አኬዮ ሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ቆማ ጀመረች። አንድም ቃል ላይ አልተሰናከለችም። ጡረታ የወጡ ጸሐፊ የሆኑት አጎቷ ከፊት ወንበር አጉረመረሙ፦ «ይሄ ደግሞ ምን እንግሊዝኛ ነው? የሕፃን ጨዋታ! አዋረዱን እኮ!» ከኋላ የቆሙት አጥማጆች ግን አንገታቸውን አሰገጉ። ድሮ የዓሣ መደዳ ላይ የተቀመጡት ሁሉ በሕይወታቸው መጀመሪያ ጊዜ የቀብር ንባብ ገባቸው። አኬዮም ወደዚያች መስመር ደረሰች።

«አስተማሪዋ ኦጎላን ማንበብ አይችልም አለችው። ሐይቁ ይጠብቅሃል ብላ አሳቀችበት። ተሳስታለች። ኦጎላ ማንበብ ይችል ነበር።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ መምህራኑ የተቀመጡበትን አየ።

እንግሊዝኛ የማትሰማው እናት ግራ ቀኝ አየች። «ምን አለች? ሰዉ ምን ሆነ?»

ሲፕሮዛ ከመምህራኑ መሃል ተነሣች። ሄዳ እናትየው ፊት ተንበረከከች፣ መስመሯንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመንደሩ ቋንቋ በሉኦ በገዛ አፏ ነገረቻት። ሐይቁ ይጠብቅሃል የምትለዋንም አላስቀረችም።

እናትየው አልጮኸችም፣ አልሰደበቻትም።

«ይሄን ለእሱ ነበር መንገር» አለቻት።

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ቀጥዪ አኬዮ። የቀረውን አንብቢው።»

አኬዮ የቀረውን አነበበች። ሲፕሮዛ ንባቡ እስኪያልቅ ከተንበረከከችበት አልተነሣችም።