ሐጂ ሚኒስትሪ የተፈተኑ ዕለት

መርካቶ የገባሁት በሰኔ ነው። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የጠየቅሁት ዝውውር ዓመቱን ሙሉ ሲጓተት ቆይቶ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ደረሰልኝ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ጠይቄ ጠይቄ አገኘሁት። ርዕሰ መምህሩ አቶ ደምሴ የምደባ ደብዳቤዬን ከላይ እስከ ታች አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«የሒሳብ መምህርት ነሽ፤ ጥሩ። ማስተማሩ መስከረም ይደርሳል። ነገ ፈታኝ ነሽ።»

ለሰላምታ የዘረጋሁትን እጄን እንኳ ገና አልሰበሰብኩም ነበር።

በማግስቱ የስምንተኛ ክፍል ፈተና፣ ሁላችንም ሚኒስትሪ የምንለው ማለት ነው፣ ተጀመረ። መምህር የራሱን ትምህርት ቤት ተማሪዎች አይፈትንም፤ ትምህርት ቤቶች ፈታኝ ይለዋወጣሉ። እኔ የደረሰኝ ወደ አውቶቡስ ተራ በኩል ያለ ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። የጣቢያ ኃላፊው የታሸገ ፖስታ ሰጠኝ። የእያንዳንዱን ልጅ ፊት ከመግቢያ ካርዱ ፎቶ ጋር አስተያየሁ፣ ፖስታው አለመከፈቱን ለሁሉም አሳየሁ፣ ከዚያ ቀደድኩት።

ከመስኮቱ ሥር የካሴት ሱቅ ነበር፤ ቴፑ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወጥቶ «ፈተና ተጀምሯል» ቢል፣ ቴፑ ወዲያው ጸጥ አለ። ተሸካሚዎቹም «መንገድ፣ መንገድ» ማለታቸውን ትተው በፉጨት ብቻ ሰው ገለል ማድረግ ያዙ። እኔ የገጠር አስተማሪ፣ ስለ መርካቶ ስሰማ የኖርኩት ኪስ አውላቂ ብቻ ነበር። ያን ቀን ሰፈሩን ወደድኩት።

ልጆቹ ግን አሳዘኑኝ። የመልስ ወረቀቱን የሚያርመው ማሽን ነው። ማሽን «ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት፣ ተሳስታ ነው» አይልም፤ በእርሳስ በደንብ የጠቆረ ክብ ካየ ይቆጥራል፣ ካላየ ያልፋል። አንዱ በእስክሪብቶ ሊያጠቁር ሲል እጁን ያዝኩት። ሌላዋ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ክብ አጥቁራ ቁጭ ብላለች። አንዱ ደግሞ ወረቀቱን እንደ ደብዳቤ አጥፎ ሊሰጠኝ መጣ። ትምህርቱን ሳይሆን ወረቀቱን ነበር የማያውቁት፤ ቤት ያሉትም ያልነገሯቸው አያውቁትም ነበርና ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሰሚራ የምትባል ተማሪዬ ስምንተኛ ክፍል በደረሰች ጊዜ፣ እኔ የክፍሎቹ ተጠሪ፣ ዩኒት ሊደር፣ ሆኜ የፈተና ዝግጅቱ በሙሉ በእኔ ትከሻ ላይ ወድቆ ነበር። ሹመት ሲባል ደመወዝ የጨመረልኝ እንዳይመስላችሁ፤ የጨመረልኝ የቁልፍ ዘለላ ነው።

አባቷ ሐጂ ነስሩ እህል በረንዳ ላይ ጤፍና ስንዴ በጅምላ የሚሸጡ፣ ቃላቸው የታመነ የጉራጌ ነጋዴ ናቸው። በቤታቸው የታወቀ ደንብ ነበራቸው፤ ሚኒስትሪ ያለፈ ልጅ ትምህርቱን ይቀጥላል፣ የወደቀ ሱቅ ይገባል። ታላቂቱ ልጃቸው ሙና ወድቃ ሱቅ ገብታለች። ቀጣይዋ ተረኛ ሰሚራ ነበረች፤ ሰሚራ ደግሞ ሐኪም እሆናለሁ የምትል ልጅ ናት።

ሰሌዳ ላይ ሳወጣት ሒሳቡን ከነምክንያቱ ትሠራዋለች፤ እኔ ስሳሳት እንኳ በትሕትና ታርመኛለች። ሞዴል ፈተና ሰጠናት፣ ወደቀች። ያውም በሰፊው። አቶ ደምሴ «ፈርታ ነው» አሉ። ሁለተኛውን ሞዴል ስትፈተን ከኋላ ቆሜ እሷኑ ብቻ ሳይ አረፈድኩ።

አልፈራችም። ጥያቄውን ታነባለች፣ ትሠራለች፣ መልሱ ላይ ትደርሳለች። እርሳሱን ክቡ ላይ ከማሳረፏ በፊት ተመልሳ እንደገና ትሠራዋለች። ትንሽ የጠረጠረችውን ባዶ ትታ ታልፋለች። ደወል ሲደወል የመጨረሻውን ገጽ ገና አልገለጠችውም።

«ሰሚራ፣ ይኼ ለምን ባዶ ሆነ?»

«እርግጠኛ አይደለሁም ቲቸር።»

«ከአራቱ የማይሆኑትን አታውቂያቸውም?»

«ኤ እና ዲ አይሆኑም።»

«ታዲያ ከቀሩት ከሁለቱ አንዱን አጥቁሪያ።»

«ያላጣሩትን እሺ አይባልም» አለችኝ፤ አንገቷን እንደደፋች።

አስረዳኋት። ተቆጣኋት። ኋላማ ለመንኳት። ሁልጊዜ «እሺ ቲቸር» ትላለች፤ ወረቀት ስትይዝ ያው ናት። እንዲህ አንጀቴን ያቃጠለች ጎበዝ ተማሪ አላጋጠመችኝም።

ቅዳሜ የወላጅ ስብሰባ ጠራን። እናቶች መጡ፤ ከእህል በረንዳ አባቶች ግን ለምልክት እንኳ አንድ አልመጣም። ተናድጄ አቶ ደምሴ ቢሮ ገባሁ።

«እህል በረንዳ በገበያ ቀን ሱቁን ዘግቶ ስለ ሚኒስትሪ ሊሰማ ይመጣል ብለሽ ነው?» አሉና ሳቁብኝ።

«እንግዲያው ሚኒስትሪው ራሱ ይሄድላቸዋል። ከልምምድ የተረፉትን የመልስ ወረቀቶች ይስጡኝ።»

«የመንግሥት ወረቀት ለእህል ነጋዴ?»

«ለወላጅ።»

እያጉረመረሙ ቆጥረው ሰጡኝ።

ሐጂ መደብራቸው በር ላይ ቆመው ነበር። በእጃቸው ጆንያ ወግተው ናሙና የሚያወጡበትን ሹል ቱቦ ይዘዋል። የጤፉ አቧራ ገና ከመድረሴ አስነጠሰኝ።

«ቲቸር፣ ሰሚራ አጠፋች እንዴ?»

«አላጠፋችም ሐጂ። እኔ የመጣሁት እርስዎን ልፈትን ነው።»

ጎረቤት ነጋዴዎች ሳቁ፤ ሥራ የፈቱት ተሸካሚዎችም ጠጋ ጠጋ አሉ። ሐጂ ሰው የሚያሳፍሩ አይደሉም፤ አንድ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው ወረቀቱን ሌላኛው ላይ ዘረጉ። እርሳስ አስያዝኳቸው። ጥያቄውን እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ክቡን ያጠቁራሉ። ስለ ኩንታልና ስለ ኪሎ፣ ስለ መቶኛ ስጠይቃቸው ሳልጨርስ ነበር የሚመልሱት። ሲያጠቁሩም ጠርዙን ነካ ሳያደርጉ ነው፤ ልጆቼን ጠርቼ ባሳየኋቸው ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ከሳይንስ አንድ ጣል አደረግሁባቸው። «ከእነዚህ ፕላኔቶች ትልቁ የቱ ነው? መሬት፣ ማርስ፣ ሜርኩሪ፣ ጁፒተር።»

«አላውቀውም። እለፊው።»

«አይታለፍም ሐጂ። አንዱን ያጥቁሩ።»

«የማላውቀውን?» እርሳሱን አስቀመጡና ቱቧቸውን አነሱ። «ስሚኝ ቲቸር። ጆንያ ሳልወጋ ‹ማኛ ነው› ብዬ ሸጬ አላውቅም። ልጆቼንም ያሳደግኳቸው በዚሁ ነው። ያላጣሩትን እሺ አይባልም።»

ልጅቱ ያለችኝ ቃል በቃል ይኸው ነበር። ለካ እኔ ስሟገት የከረምኩት ከሰሚራ ጋር ሳይሆን ከሐጂ ጋር ኖሯል።

«ቢሳሳቱ ምን የሚሆን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ካገኘሁት ላይ ይቀነስብኛል።»

«አይቀነስም። ባዶ ቢተዉት ዜሮ ነው። ቢሳሳቱም ዜሮ ነው። ቢያገኙት ግን ይቆጠርልዎታል።»

«ምንም ተቀናሽ የለውም?»

«የለውም።»

«እንዲህ ያለ ገበያ የት ነው ያለው? እኛም እንሂድ» አለ አንዱ ጎረቤት። ሐጂ ግን አልሳቁም።

«ታዲያ ይኼ ቁማር አይደለም ወይ? እኔ ልጄን ቁማር አላስተምርም።»

ይኼን አልጠበቅኩም ነበር። መልሼ ጠየቅኋቸው። «ስንዴ ሲመጣልዎት ጆንያውን ከመውጋትዎ በፊት ምን ያደርጋሉ?»

«አየዋለሁ፣ አሸተዋለሁ። የነቀዘውን ሳልወጋም አውቀዋለሁ።»

«ሰሚራም እንደዚሁ ናት። የነቀዙትን ሁለቱን ለይታ ትጥላቸዋለች። ይኼ እውቀት ነው ሐጂ፣ ቁማር አይደለም። ችግሩ፣ ሁለቱን ከጣለች በኋላ እጇን አጣጥፋ መቀመጧ ነው።»

ሐጂ ቱቧቸውን አስቀመጡ። ከዚያ እርሳሱን አነሱ። «መሬት አይደለችም፣ ከእሷ የሚበልጥ እንዳለ ሰምቻለሁ። ማርስም ትንሽ ነች ይላሉ» ብለው ሜርኩሪን አጠቆሩ።

«ተሳስተዋል።»

«የበፊቶቹስ?»

«እንዳሉ ናቸው። አልተነኩም።»

«ሌላ ጠይቂኝ።» ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱን ጥለው አንዱን ገመቱ፣ ልክ ሆነ። «ይኼኛውስ ተቆጠረ?»

«ተቆጥሯል።»

ሐጂ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉና ሰሚራን አስጠሩ። ልጅቱ እኔን ከነወረቀቴ ጆንያ ላይ ስታየኝ ደነገጠች።

«ሰሚራ» አሏት፣ «ያላጣሩትን እሺ አይባልም ያልኩሽ ለሱቅ ነው። እዚያ ወረቀት ላይ ግን ተቀናሽ የለም። የማይሆነውን ጥለሽ ከቀረው ምረጪ። አንድም ባዶ እንዳትተዪ፤ እኔ አባትሽ ነኝ ያልኩሽ።»

«እሺ አባ» አለች። ድምፅዋ ግን ለእኔ ስትል የከረመችው እሺ አልነበረም። ስንት ጊዜ አፌ እስኪደርቅ የነገርኳትን እሳቸው አንድ ጊዜ ተናግረው ጨረሱት። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ቀናሁም።

ሦስተኛውን ሞዴል ስትፈተን እርሳሷ አልቆመም። የጠረጠረችውን አጥቁራ ታልፋለች፤ ጊዜ ሲተርፋት ትመለስበታለች። ውጤቷን ለአቶ ደምሴ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩት።

ሰኔ መጣ። እኔ እንደ ደንቡ ሌላ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። የሌላ ሰው ልጆች እየፈተንኩ ልቤ ሰሚራ የምትፈተንበት የእኛው ትምህርት ቤት ነበር። በመጨረሻው ቀን የመልስ ወረቀቶቹን ቆጥሬ ለጣቢያ ኃላፊው አስረከብኩና በታክሲ ወደ ተክለ ሃይማኖት በረርኩ። ስደርስ በሩ ላይ ማን ቆሟል? ሐጂ ነስሩ። በሥራ ቀን ከእህል በረንዳ ውጪ አይቻቸው አላውቅም። ቆባቸው ላይ የጤፍ አቧራ አለ።

ሰሚራ ወጣች። «እንዴት ነበር?» እንኳ አላሏትም።

«ባዶ ትተሻል?»

«አንድም አልተውኩም አባ።»

«የመጨረሻውን ገጽስ?»

«ጨረስኩት። ጊዜ ተርፎኝ የጥያቄውን ቁጥርና የክቡን ቁጥር አስተያየሁ።»

«በቃ፣ እንሂድ» አሉ። ከኋላ ሆኜ ሳያቸው እጇን ይዘዋት ነበር።

ውጤቱ በክረምት መጣ። ሰሚራ አለፈች ብቻ ብል እበድላታለሁ፤ ከትምህርት ቤታችን አንደኛ ወጣች። እልል አልኩ። ዩኒት ሊደር ቢሮ ውስጥ እልል አይልም የሚል ካለ ይምጣና ይከልክለኝ። አቶ ደምሴም አብረውኝ አጨበጨቡ። ሐጂ ዝናብ የመታው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ወረቀቱን አዩት፣ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቲቸር፣ ሙናም ባዶ እየተወች ይሆን የወደቀችው?»

ሙናን እኔ አላስተማርኳትም፤ እንዴት እንደተፈተነች አላውቅም። ያሳደጋት ግን ያው ቤት ነው። «ሊሆን ይችላል ሐጂ» አልኳቸው። «ግን በዚህ አላበቃም። በማታ ተምራ እንደገና መፈተን ትችላለች።»

«በማታ?»

«በማታ። መስከረም ላይ ይመዘገባል።»

መስከረም ላይ ሙናን ራሳቸው ይዘዋት መጡ፤ ሱቁ ውስጥ በማን እንደተኳት አልጠየቅኋቸውም። እሷንም ያለ ርኅራኄ በልምምድ ወረቀት አጣደፍኳት። በሰኔ ከልጆች ጋር ተሰልፋ፣ የመግቢያ ካርዷን ደረቷ ላይ ይዛ ተፈተነች። አለፈች። ያን ክረምት ሐጂ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ፤ አንዱ ሚኒስትሪ የወደቀ ወንድ ልጁን ሱቅ ሊያስገባ ነው። «ባዶ ትቶ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቀው» ይሉታል፣ ቱቧቸውን እያወዛወዙ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የስምንተኛ ክፍል የወላጅ ስብሰባ እህል በረንዳ፣ የሐጂ መደብር በር ላይ ሆነ። ጆንያ ላይ ተቀምጠው አባቶች ይፈተናሉ፤ የሚሳሳተውን ሐጂ ይስቁበታል፣ ባዶ የሚተወውን ግን ይቆጡታል። ሰሚራ ሐኪም ሆናለች። ሙና መጀመሪያ አሥረኛን ጨረሰች፣ ቀጥላ በሒሳብ ሥራ ዲፕሎማ ያዘች፤ ዛሬ የአባቷን ንግድ የምትመራው እሷ ናት፣ ወድቃ ሳይሆን መርጣ።

ከዚህ ሁሉ ዘመን ሥራዬ ለወላጅ የምነግረው ይህንን ነው። በዚያ ፈተና ለስህተት ተቀናሽ አልነበረም፤ የዛሬውንም ደንብ ከትምህርት ቤቱ ጠይቁና ተረዱ። ተቀናሽ ከሌለው ልጃችሁ ባዶ የሚተወው ክብ አይኑር። አስተማሪው ነግሮታል ብላችሁም አትቀመጡ፤ እናንተው ንገሩት።