ስለ ላፕቶፓችን የመጡ ሽማግሌዎች

ባሌ ሳይጠየቅ ዕቃ ሲያጥብ ሳየው ደነገጥኩ። በማግስቱ ሥጋ ገዝቶ መጣ። ላፕቶፑን ልከፍት ስል ደግሞ "አረፍ በይ እንጂ፣ ተረኛ ሆነሽ ነው የከረምሽው" ብሎ ከእጄ ሲቀበለኝ፣ ወይ ታሟል ወይ ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ደመደምኩ።

የምንኖረው ሆሳዕና ነው፤ እሱ መምህር፣ እኔ ነርስ። ላፕቶፓችን ግን አንድ ነው። እሱ ፈተና ለማባዛት ፍላሹን ይዞ ያልገባበት ማተሚያ ቤት የለም፤ ያልሰበሰበው ቫይረስም የለም። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን አንዴ በቫይረስ ካስበላብኝ በኋላ ባለሙያ ጠርተን ዲስኩን እንደ ቅርጫ ሥጋ እኩል አስከፈልነውና ሁለት ሲስተም ተጫነልን። ለእሱ የለመደው ዊንዶውስ፣ ለእኔ ቫይረስ የማይደፍረው ሊኑክስ ደረሰ። ማሽኑ ሲነሳ ሁለቱንም ያሳያል፤ ቶሎ ካልመረጡ የላይኛው ይከፈታል። የላይኛው የእኔ ነበር። ባሌ ሻይ ፉት እስኪል ያመልጠውና "ደግሞ እሷ ቤት ገባሁ" እያለ እንደ አዲስ ያስነሳዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ አንደኛው ከሺንሺቾ የመጡት አጎቴ፣ ሌላው ጡረታ የወጡት መምህር ጎረቤታችን ናቸው። ሰኞ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት አቀርባለሁ፤ ለሽማግሌ የሚሆን ጊዜ አልነበረኝም። ባሌ በሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

"መጀመሪያ ይቅር ብያለሁ በይ" አሉ አጎቴ።

"ምን አድርጎ?"

"እሱን ከይቅርታው በኋላ ይናገራል። ለእኛም አልነገረንም።"

ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም። ሴትዮዋ ማን ትሆን እያልኩ፣ እያለቀስኩ ይቅር አልኩ።

"ያንቺ ሊኑክስ ጠፋ" አለ ባሌ። የእሱ ቀድሞ እንዲከፈት ብሎ ሲነካካ ምርጫው ጠፍቶ ቀጥታ ዊንዶውስ መግባት ጀመረ። "የሰኞውን ጽሑፍሽን አጠፋሁብሽ። ትምህርቱን በቃኝ ትያለሽ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።"

ሴት አለመኖሯን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን አልቆየም። የሁለት ዓመት ልፋቴ ያለው እዚያ ነው። ላፕቶፑን አጠፋሁና ድንገት ቢያስቸግርሽ ብሎ ባለሙያው ያሳየኝን ቁልፍ ተጭኜ አስነሳሁት። ለካ የተዘጋው በሩ ብቻ ነው፤ ቤቱ እንዳለ አለ። ጽሑፌ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ወጣ። ባሌ "ተመስገን" ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ጡረተኛው መምህር በእርግጥ መትረፉን ላረጋግጥ ብለው መነጽራቸውን አደረጉና የምስጋናውን ገጽ ከእንግሊዝኛው እየተረጎሙ ያነቡልን ጀመር። እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። አማካሪዬን አመስግኛለሁ። የሥራ ባልደረቦቼን፣ ለጥያቄዎቼ መልስ የሰጡኝን የቦኖሻ እናቶች፣ በሞተር ያመላለሰኝን ሰውዬ ሳይቀር አመስግኛለሁ። ባሌ ከተቀመጠበት ቀና ብሎ ተራውን ሲጠብቅ አየሁት። ገጹ አለቀ።

ፊቴ በእፍረት ጋለ። ስንት ምሽት እኔ ስጽፍ ልጆቻችንን ያስተኛልኝ እሱ ነበር።

አጎቴ ጉዳዩ አለቀ ብለው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተነሱ። መምህሩ ግን መነጽራቸውን ሳያወልቁ "ቁጭ ይበሉ እንጂ" አሏቸው። "አሁን ደግሞ እሱ ይቅር ይበላት።"