ሼህ ኢብሬና አርፋጁ መምህራቸው

በጃንሆይ ዘመን ሞጣ ላይ የቁርኣን ትምህርት ቤቱን የሚመሩት ሼህ ኢብሬ ሰው መቆጣት አይሆንላቸውም ነበር። ራሳቸው አስተምረው ያሳደጉት መምህሩ ኑርዬ ደግሞ፣ የገበያ ቀን ከሸማኔዎቹ ጋር ጨዋታ ከያዘ ልጆቹን ይረሳል። ወላጆች ተሰብስበው መጡና «ያባርሩልን!» አሉ።

«እስኪ አንድ የገበያ ቀን ታገሱኝ» አሉ ሼሁ።

በገበያው ቀን ማልደው፣ የእንጨት ሰሌዳ ታቅፈው፣ ከልጆቹ መሀል ቁጭ አሉ። ኑርዬ አርፍዶ ሲገባ ክው አለ።

«ሼሃችን! ምነው እርስዎ እዚህ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ መምህሬ ገበያ ይወዳል፤ ትምህርቴ ወደ ኋላ ቀረ።»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ኑርዬ ላብ እያጠመቀው የገዛ አስተማሪውን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ «አሊፍ» አስባለ።

በሚቀጥለው ገበያ ወላጆቹ ውሳኔ ሊሰሙ ሲመጡ፣ ኑርዬ ከሁሉ ቀድሞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምነው፣» አላቸው ተቆጥቶ፣ «ልጆቻችሁ እስካሁን የት ናቸው?»