አደራ ለሚያውቁት ነው

በጦርነቱ ወራት የአክስቴን ላፕቶፕ ጎረቤታቸው ዘይነብ በጤፍ ጎታ ውስጥ ደብቃ አተረፈችላቸው። ወልድያ ላይ መብራትና ኔትወርክ ሲመለስ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ላሳድግላቸው ሄድኩ። አዲሱ ሲስተም ገና ከመጫኑ፣ የልጃቸው ሠርግ ቪዲዮ እንዳይጠፋ ኢንተርኔት ላይ ላስቀምጠው ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ማን ዘንድ?» አሉ አክስቴ።

«ውጭ አገር፣ ኩባንያ ዘንድ። ላፕቶፑ ቢበላሽም አይጠፋብዎትም።»

«የማን ልጅ ነው እሱ? እስክስታ ስወርድ የማላውቀው ሰው ሊያየኝ? አደራ ለሚያውቁት ነው!»

እሺ ብዬ በፍላሽ ገለበጥኩላቸው። በመሀረብ ቋጥረው ለዘይነብ ሰጧት።

በማግስቱ ልሰናበታቸው ብሄድ ቤታቸው ዝግ ነው። ከዘይነብ ቤት እልልታ ሰምቼ ገባሁ። ሰፈሩ በሙሉ ፍላሹ የተሰካበት ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሏል። ከሁሉም ፊት የተቀመጡት አክስቴ ገላመጡኝ።

«አትጋርደን፣ ቁጭ በል! አሁን የምገባው እኔ ነኝ።»