የሙቀቱ ሁለት ፓውንድ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ራኬት የሚወጥር ሰው የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ባጃጅ ነጂው ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር የኒቆዲሞስ በረንዳ ላይ ያወርዳችኋል። ስልሳ ሊሞላው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ ደግነቱ ራኬት ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ወሬም ይዞ ስለሚመጣ ቤቱ ጭር አይልም።

አባቱ የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። ቀን ፉርጎ ሲጠግኑ ውለው፣ ከሥራ ሲወጡ ለመሥሪያ ቤቱ ክበብ ቴኒስ ተጫዋቾች ራኬት ይወጥሩ ነበር። ለልጃቸው ያወረሱት ሁለት ነገር ነው፤ በዘንግ ላይ በሚንሸራተት የብረት ክብደት ክር የሚስብ አሮጌ መወጠሪያ፣ እና አንድ ምስጢር። ምስጢሩም ይህ ነው፦ የድሬ ሙቀት ክር ያላላል። ጠዋት በደንብ የተወጠረ ራኬት ፀሐይ ሲመታው ውሎ ማታ ላይ ሌላ ራኬት ነው። ስለዚህ ደንበኛው የክሩ ውጥረት ሃያ ሁለት ፓውንድ ይሁን ሲል ወጣሪው ትንፍሽ ሳይል ሃያ አራት ላይ ያደርገዋል።

«የሙቀቱን ለሰው እንዳትናገር» ይሉት ነበር አባቱ። «ከነገርከው እጅህን ትቶ ቁጥሩን ያደንቃል።»

ኒቆዲሞስም ለአንድ ሰው ተናግሮ አያውቅም። ቴኒሱ ቀርቶ ባድሜንተን ሲመጣ፣ ወፍራሙ ክር በቀጭን ሲተካ፣ ሁለቷ ፓውንድ ግን አልቀረችም። ተጫዋቾቹ «የኒቆ እጅ ልዩ ነው» ሲሉ ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ከደንበኞቹ ሁሉ የሚያቀርባት ኑርሀንን ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የትምህርት ቤት ራኬት ታቅፋ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ለሰባት ዓመት፣ ትከሻዋ ሲጠነክር እያየ፣ ውጥረቱን አብሯት ሲመርጥ ኖሯል። ዘንድሮ አዲስ አበባ ያለ አንድ ክለብ ከሃያ ዓመት በታች ተጫዋቾችን በደመወዝ ሊቀጥር ለፈተና ጠራት። እናቷ አዴ ሃሊሞ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ድርያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ ነው የምትሸጠው፤ ጨዋታውን ወዳው አታውቅም። «ይሄን ፈተና ሂጂ። ካለፍሽ እሰየው፣ ከወደቅሽ ግን ሱቅ ትገቢያለሽ፤ ኳስ የሚባል ነገር ሁለተኛ አታነሺብኝም» ብላ ነው የፈቀደችላት። ኑርሀን ደግሞ ከአምስት ወር በኋላ ሃያ ዓመት ይሞላታል።

ሐሙስ ጠዋት መጣች። ገና ከበሩ፣

«ጋሽ ኒቆ፣ ሃያ ስድስት» አለች።

«አቦ ተይኝ! ሰላምታውስ?»

«ሰላም አደርክ። ሃያ ስድስት።»

«አንቺ እኮ ሁልጊዜ ሃያ ሁለት ነሽ። ምን ተገኘ? ማንን ልትገድይ ነው?»

«የአዲስ አበባ ልጆችን።»

ሳቀ። ከዚያ ራኬቱን ተቀብሎ እንደ ልማዱ ማስረዳት ጀመረ። «ስሚኝማ። ክር ሲጠብቅ ኳሷ ያዘዝሻት ቦታ ትሄዳለች፤ ጉልበቱን ግን ከትከሻሽ ነው የምታመጪው። ላላ ሲል ራኬቱ ራሱ ይገፋልሻል። ትከሻሽ ይችለዋል?»

«ሉቅማን ይችላል ብሏል። ሳምንቱን ሙሉ አብረን ስንሞክር ነው የሰነበትነው።»

ሉቅማን አሠልጣኟ ነው፤ ራኬቱንም ከጅቡቲ ያስመጣላት እሱ ነው። ኒቆዲሞስን ቅር አለው። ቁጥሩን እስከ ዛሬ ከእሷ ጋር ይመርጥ የነበረው ማን ሆነና? ሃያ ስድስትን እንዴት እንዳገኙት፣ ምን ላይ ምን ደምረው እንደሆነ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ይነግሩት ነበር። አልጠየቀም።

«እንግዲህ ሉቅማን ካለ» አለ፣ ክሩን ከእጇ እየተቀበለ። ይዛ የመጣችው አንድ ክር ብቻ ነበር።

አርብ ገና ሳይሞቅ ተነስቶ ክብደቱን ሃያ ስምንት ላይ አቆመው። ቋሚዎቹን ክሮች ጨርሶ አግድሞቹን ሲያስገባ፣ ሊያልቅ ሦስት መስመር ሲቀረው፣ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማ። በጣም ትንሽ ድምፅ ናት። ቆመ። የራኬቱን ፍሬም ዙሪያ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ የፍሬሙ ትከሻ ላይ ፀጉር የምታህል ነገር ነካው፣ ወይም የነካው መሰለው። ቀለም ነው? ስንጥቅ ነው? ክሩን ቆርጦ ቢያወርደው ሌላ ክር የለም፤ ኑርሀን የምትሄድበት አውቶቡስ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይነሳል። ደውሎ ቢነግራት ልጅቷ ልቧ ተሰብሮ ነው የምትሄደው። እና ደግሞ የእሱ እጅ ፍሬም ሰንጥቆ ያውቃል እንዴ? «የክሩ መቆንጠጫ ነው የጮኸው» አለ ለራሱ፣ ጮክ ብሎ። ሦስቱን መስመር ጨረሰና ቋጠረ።

እሁድ ማታ ሉቅማን ከአዲስ አበባ ደወለ።

«ኒቆ፣ ይህቺ ልጅ አዋረደችኝ። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ነጥብ ሲወሰድባት ራኬቱን መሬት ፈጠፈጠችው። እኔ ሌላኛው ሜዳ ላይ ነበርኩ፤ ዳኞቹ ናቸው የነገሩኝ። በተዋሰችው ራኬት ተሸነፈች። ወረቀቷ ላይ ምን ብለው እንደጻፉ ታውቃለህ? ቁጡ፣ ዕቃ የምትሰብር።»

ሉቅማን ስለ ክሩ አንዲት ቃል አላነሳም። ማንም አልጠረጠረውም።

«ልጅ ናት» አለ ኒቆዲሞስ። ስልኩንም ዘጋው። ያን ሌሊት አልጋው ላይ ሲገላበጥ ያስጨነቀው ሰበረችው መባሉ ሳይሆን፣ ሲባል ሰምቶ እፎይ ማለቱ ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ኑርሀን ራሷ መጣች። ሰላምታ አልሰጠችም፤ እሱም አልቀለደባትም። ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የተፈጠፈጠ ራኬት ጫፉ ነው የሚሰበረው። ይህ ግን ትከሻው ላይ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ክሩ ራሱ ጎትቶ እንደጣለው ያስታውቃል።

«እኔ አልፈጠፈጥኩትም» አለች። «ኳሷን ስመታት እጄ ላይ ታጠፈ። ደንግጬ ለቀቅኩት። ለእነሱ የወረወርኩት ነው የመሰላቸው። እማዬም እነሱን ነው ያመነችው፤ ሁለት ቀን ሆናት ካኮረፈችኝ።»

«አይዞሽ…»

«ስንት ላይ ነው የወጠርከው?»

«ያልሺኝን ነዋ» አለ፤ ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ግን መሸከም አቃተው። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ሃያ ስምንት ነው፣ ኑርዬ። ሁለት የሙቀት ጨመርኩ። ሁልጊዜም እጨምራለሁ። ሃያ ሁለት ስትይኝ ሃያ አራት ነበር።»

ድምጿ ቀጠነ። «እኛ እኮ የሙቀቱን ደምረን ነው! የፈለግነው ሃያ አራት ነው። አውቶቡሱ አዋሽን እስኪያልፍ ክሩ ይላላል ብለን ነው ሁለት የጨመርነው። ፍሬሙ ከሃያ ሰባት በላይ አይችልም፤ ተጽፎበት የለም እንዴ?»

ጽሑፉ ደቃቃ ነው። መነጽሩን አላደረገም ነበር።

«የሙቀቱን ማን ነገራችሁ?» አለ እንደ ሞኝ።

«ጋሽ ኒቆ፣ ስልክ ላይ ሞልቶ የለም እንዴ! ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።»

አባቱ የደበቁት፣ እሱም ዕድሜውን ሙሉ የደበቀው ነገር ይህ ነበር። ስለ ድምፁም ነገራት፤ «ቀጭ» ሲል ሰምቶ ዝም እንዳለ። ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«ለክለቡ ሰዎች ደውልላቸው» አለች።

ቁጥሩን እሷ ሰጠችው። የመራጮቹ ኃላፊ አቶ ሣህሉ የሚባሉ፣ ሰው የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። ኒቆዲሞስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ኑርሀን ሁሉንም ትሰማለች።

«ደግ አደረጉ፣ ጌታዬ» አሉ አቶ ሣህሉ። «ስለ ባሕርይዋ የጻፍነውን እሰርዛለሁ፤ ቃሌ ነው። ቦታው ግን ትናንት ተሞላ። ልጆቹ ፈርመዋል።»

«ለሚቀጥለው ዓመትስ?» አለ ኒቆዲሞስ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

ኑርሀን እጇን ዘርግታ ስልኩን ዘጋችው። ተነሳችና፣ «እሺ፤ ለእማዬ ግን አንተ ትነግርልኛለህ። ከእኔ አትሰማም» አለች።

ባጃጅ ይዘው የደቻቱን ወንዝ ተሻገሩ። መንገዱን ሙሉ ነጂው ስለ ሙቀቱ ሲያወራ የሚመልስለት አጣ። አዴ ሃሊሞ ሱቋ ውስጥ ድርያ እያጣጠፈች ነበር። ኒቆዲሞስ ቆሞ ነገራት። ከመናገሩ በፊት አንዴ፣ ከተናገረ በኋላ አንዴ ቀና ብላ አየችው እንጂ እጇ ማጠፉን አላቆመም።

«አልሰበረችውም ነው የምትለኝ?»

«አልሰበረችውም። እኔ ነኝ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አለ ክርስቲያኑ ኒቆዲሞስ፣ በድሬ አፍ።

ሃሊሞ የያዘችውን ቀሚስ አስቀመጠች። ልጇን አየቻት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ያላየቻትን ያህል ረጅም አየቻት። «ሰደብኩሽ» አለች። «ሰው ፊት ሰደብኩሽ።»

«ግድ የለም፣ እማዬ።»

«ቦታውስ?»

«ተሞልቷል።»

ሃሊሞ ወደ ኒቆዲሞስ ዞረች። ትጮህብኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ብትጮህበትም በወደደ። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ብትጠይቃት ምን ነበረበት?» አለችው።

ገዢ ሴቶች ገብተው የቀሚስ ዓይነት መጠየቅ ጀመሩ። ኑርሀን ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ከባንኮኒው ጀርባ ዞረች፤ ከላይኛው መደርደሪያ አረንጓዴውን አውርዳ ለሴቶቹ ዘረጋችላቸው። እናቷ ሱቅ ግቢ አላለቻትም። ተይውም አላለቻትም።

ኒቆዲሞስን ማንም ተቀመጥ ስላላለው ትንሽ ቆሞ፣ ለገዢዎቹ መንገድ ለቀቀና ወጣ።