ዳሱ በር ላይ የቆመው መስመር

ሰሞኑን ቢሮ ውስጥ የቆየ ኮምፒውተር ከፍተን ስንጠርግ የሞቀ አቧራ ሽታ ሽው አለኝ። ለሌላው ሰው አቧራ ነው፤ ለእኔ ግን ሞጣ ነው። ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊው ቤት ጎን የተጣበቀች ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረች። ግድግዳዋ ላይ ፏፏቴ ተስሎባታል፤ ከዚያ ፏፏቴ ፊት ቆሞ ያልተነሳ የሞጣ ጎረምሳ ያለ አይመስለኝም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ እንደ ንብ ቀፎ እየጮኸ ያን ሽታ ይለቀው ነበር።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ከአሥረኛ ክፍል ፈተና በኋላ ውጤቴ የትም እንደማያደርሰኝ ሲታወቅ፣ እናቴ "እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጭብኝም" ብላ ፎቶ ቤቱ አስገባችኝ። ባለቤቱን ጋሼ እላቸው ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማርና። እሳቸው ሠርግ ይቀርጻሉ፣ ቆርጠው ይቀጥላሉ፤ እኔ ደግሞ የሙሽሮቹን ስም በወርቃማ ፊደል አስገባለሁ፣ ጽጌረዳ እበትናለሁ። ምን ልበልህ፣ ያኔ ጽጌረዳ ያልዘነበበት ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ብቸና ላይ አንድ ሠርግ ቀረጽን። የሙሽራዋ አባት የልጁን ወግ ሳያይ አርፏል። ሙሽራዋ ከዳሱ ከመውጣቷ በፊት የአባቷን ጉልበት መሳም ሲገባት፣ አጎቷ በአባት ወንበር ተቀምጦ ጉልበቱን ሰጣት። መረቃትም። ግርግሩ ጋብ ሲል እናትየው ወደ ጋሼ ቀረብ አሉና ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፎቶ ፈትተው ሰጧቸው።

"አያ፣ አባቷ ነው። እኛ ቤት ያለው ፎቶ ይኸው ብቻ ነው። ልጄ ወደ ሰው ቤት መሄዷ ነው፤ ይዛው በምትሄደው ፊልም ላይ አባቷ ይኑርላት።"

ጋሼ እሺ አሉ። እሺ ማለቱ ቀላል ነው።

ፎቶው ከመዳፍ ያነሰ፣ በእጥፋት የተላላጠ ነበር። ጋቢ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ ሰው ቆሞበታል። ማስክ የሚባለው ሥራ የምትፈልገውን ሰው ዙሪያውን በነጥብ ከበህ ከጀርባው መለየት ነው፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ጨርቁን በጠመኔ እንደሚያሰምረው። ቢጫ ነጥቦቼን ከራሱ ጀምሬ፣ በጋቢው ዞሬ፣ እስከ ዱላው ጫፍ ደረደርኩ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

"ነጥብ አታብዥ። የሰው ቅርጽ በጥቂቱ ነው የሚያዝ።"

ቆየት ብለው ደግሞ፣ "ትከሻውን ምን አደረግሽው?" አሉ።

"ዘምሞብኝ ነው፤ አቃናሁት።"

"ማን አቃኚው አለሽ? እንደዘመመ ተይው።"

ተውኩት። ነገር ግን ሰውየውን ከሠርገኛው ቁመት ጋር እኩል ልናደርገው ባሳደግነው ቁጥር ፊቱ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይበተናል። አሳነስነው፤ ከልጁ አጠገብ ሕፃን ልጅ አከለ። ማስኩ የፎቶው ነውና ፎቶው ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል። ጋሼ ደጅ ወጥተው ጥቂት ቆዩ፤ ሲመለሱ "ፎቶውን እንተወው፤ መስመሩን ብቻ እናውጣ" አሉኝ።

ማስኩን ወደ ሼፕ እንቀይረው ማለታቸው ነበር። ነጥቦቹን ቀድተህ ለብቻው በሚቆም ቅርጽ ላይ ትለጥፋቸዋለህ። ከዚያ ወዲያ ፎቶ አያሻውም፤ የፈለግኸውን ያህል ብታሳድገው ጠርዙ አይሻክርም። ቀለም ትሰጠዋለህ፣ ዓይንህ እያየ ራሱን እየሳለ እንዲመጣ ታደርገዋለህ። ዛሬ ለማስታወቂያ ስሠራው እጄ ሳላስበው ያልፍበታል። ያን ጊዜ ግን ፈራሁ። ዓይን የለው፣ አፍ የለው። እናትየው "ባሌን ሰጥቻችሁ ሽቦ መለሳችሁልኝ" ቢሉ ምን ይመለሳል?

ሥራው ሳያልቅ እናትየው ራሳቸው መጡ። የብቸናው አውቶቡስ አቧራ ገና ከነጠላቸው አልረገፈም። ጋሼ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው።

"ገና ነው እማማ፤ አላለቀም።"

"ግድ የለም፤ የደረሰበትን አሳዩኝ።"

ነጥቦቹን ለጠፍኩ። እዚህ ላይ ያላወቅሁት ነገር ነበር። ማስክ ቦታውን የሚቆጥረው ከምስሉ ጥግ ነው፤ ሼፕ ደግሞ ከመሃል። ሳታስተካክል ከለጠፍኸው ዘሎ ሌላ ቦታ ያርፋል። ቪዲዮውን ሳስነሳው ወርቃማው መስመር ከዱላው ጫፍ ተነሳ፤ በጋቢው ወጣ፣ በዘመመው ትከሻ አልፎ ራሱን ዞሮ ገጠመ። ከአጎትየው ወንበር ኋላ ይቆማል ያልነው ሰው ግን ከምስሉ ጥግ፣ ከዳሱ በር ላይ ቆሞ ተገኘ።

ፊቴ ጋለ። ላስተካክል ማውሱን ስይዝ እናትየው እጄን ያዙኝ። እጃቸው ሻካራና ሞቃት ነበር።

"የት ልትወስጅው ነው?"

"ወደ ወንበሩ ነበር እማማ። ተሳስቼ ነው።"

"ተይው ልጄ። እሱ መች ድግስ ላይ ተቀምጦ ያውቃል? በር ላይ ቆሞ 'ግቡ፣ ግቡ' እንዳለ ነው ድግሱ የሚያልቅ። ትከሻውን እይው እስቲ። ይኸው፣ እንዲህ ዘመም ብሎ ነው እንግዳ የሚቀበል።"

ባለ ድግስ፣ እንግዳው ሁሉ ሳይስተናገድ እንደማይቀመጥ እኔም ጋሼም ከልጅነታችን እናውቃለን። ክብር እንስጠው ብለን በገዛ ልጁ ሠርግ እንግዳ ልናደርገው ነበር።  ከግድግዳው ማዶ የልብስ ሰፊው መኪና ይንቀጫቀጫል።

ቪዲዮው አልቆመም ነበር። ትንሽ ቆይቶ መስመሩ በመጣበት መንገድ መጥፋት ጀመረ፤ መጀመሪያ ራሱ፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ ከዚያ ጋቢው።

"ምነው? ምን ነካው?" አሉ እናትየው።

"ምንም አልነካው እማማ" አልኩ። "የሥራው ወግ ነው፤ የገባ ነገር መውጫ ይሠራለታል።"

ባዶውን በር አዩ። ከዚያ በለሆሳስ፣ "ሲመጣ እንየው" አሉ። "ሲሄድማ አይተነዋል።"

ጋሼ በትከሻዬ በኩል እጃቸውን ዘርግተው መውጫውን ራሳቸው አጠፉት። እንደገና ከፈትነው። አባትየው መጣ፣ በሩ ላይ ቆመ። ሙሽራዋ በአጠገቡ አልፋ ወጣች፣ ሚዜዎቹ ወጡ፣ ሠርገኛው እየዘፈነ ወጣ። ዳሱ ባዶ ሆነ፤ እሱ እንደቆመ ቀረ። እናትየው ነጠላቸውን አስተካክለው እስኪነሱ ድረስ ማናችንም ኮምፒውተሩን አልነካንም።