ትከሻቸው ላይ የተኛሁ ቀን

እናቴን ለማሳከም ከደብረ ማርቆስ መጥተን ኮልፌ፣ አክስቴ ቤት አርፈን ነበር። እኔ ደግሞ ከቤቴ ከወጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አክስቴ ሞቅ ያለ ወተት ብትሰጠኝም፣ ፍራሹን ብትቀይርልኝም፣ ጣራ ጣራውን እያየሁ ይነጋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ለእናቴ መድኃኒት ልገዛ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ የአየር ጤና ታክሲ ያዝኩ። አጠገቤ ጥቁር የለበሱ እናት ተቀምጠዋል። ታክሲው ሲንቀሳቀስ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር የለም።

ስነቃ አየር ጤና ደርሰናል፤ ሰው ሁሉ ወርዷል። እኔ ግን ጭንቅላቴን የሴትየዋ ትከሻ ላይ ጥዬ ነጠላቸውን በለሃጬ አርሼዋለሁ። የምገባበት ጠፋኝ።

"እማማ፣ በጣም ይቅርታ! እርስዎም እዚህ ነው የሚወርዱት?"

"አይ፣ እኔስ አልፌያለሁ። ጦር ኃይሎች ነበር የምወርደው።"

"ታዲያ ምነው ሳይቀሰቅሱኝ?"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ረዳቱ "ውረዱ እንጂ!" እያለ ይጮሃል።

"ልጄ ታሞብኝ ብዙ ሰነበተ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ሕመሙ አላስተኛው ብሎ፣ እንቅልፍ እንዳማረው ነው የሞተው። አንተን ልቀሰቅስ ብል እጄ እምቢ አለኝ።"